ሦስት ከመቶ የሚመዝን ቃል

እኔ ቀናተኛ መሆኔን የሚያውቀው ጎረቤት አይደለም፤ መዝገብ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ልብ መዝገብ ቤት ገብታችሁ ስሜን ብትጠይቁ እንዲህ ተብሎ ይነበብላችኋል፦ «ዶክተር አዶናዊት ሽፈራው፤ የልብ በርና የአኦርታ ተመራማሪ፤ ዕድሜ ሃምሳ አንድ። የቃል ሚዛን፣ በጠቅላላ ጉዳይ ዘጠና አንድ ከመቶ፤ በዶክተር ኤፍራታ ሥራ ላይ ሦስት ከመቶ።»

ሦስት! ቁንጥር ጨው እንኳ ከዚህ ይበልጣል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከአንገቴ ሥር ምስር የምታህል ነገር ተለጥፋለች። ተመራማሪ የሆነ ሁሉ አለችው። የባልደረባችንን ጥናት ስናነብ፣ ስሙ ሲጠራ፣ ሽልማት ሲቀበል፣ የደም ሥራችን እንዴት እንደሚመታ ትመዘግባለች። በ2087 የወጣው ደንብ «ምስክር ሁሉ ከነስሜቱ ይመዘን» ይላል። ጥሩ ደንብ ነው። ድምፅ ከሰጡለት አንዷ እኔ ነበርኩ። ያኔ የሚመዘነው ሌላ ሰው መስሎኝ ነው።

ከኤፍራታ ጋር አንድ ክፍል ተምረናል፣ አንድ ዶርም አድረናል፣ የመጀመሪያውን በግም አብረን ነው የከፈትነው። የመንዝ በግ ልቡን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ጠንካራ ነው፤ ሁለታችንም የልብ በር የምናበቅለው ከእሱ ነው። ሰዉ ቫልቭ ይለዋል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የጤና ኮሚሽኑ የእሷንና የኔን አወዳድሮ በሁለት ድምፅ ልዩነት የእሷን መረጠ። ዛሬ የኤፍራታ በር በስልሳ ሺህ ሰው ደረት ውስጥ አለ። የኔ በአራት መቶ አሥራ ሁለት ደረት ውስጥ ነው። ከእነዚያም ዘጠኙ በጎች ናቸው።

ሁለት ጊዜ ከስሻታለሁ። «ይቀደዳል» ብዬ ጻፍኩ፤ ተመረመረ፤ ምንም አልተገኘበትም። እንደገና ጻፍኩ፤ እንደገና ምንም። ሁለቴም የሰማው ጆሮዬ አልነበረም፣ ሆዴ ነው። ሚዛኔም ወርዶ ወርዶ ሦስት ላይ ተቀመጠ።

ይሄን ሁሉ እችለው ነበር፤ ባሌ ባይታመም ኖሮ።

ያፌት ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ቀለም መራጭ ነው። በልጅነቱ ጉሮሮው እያበጠ ሲያስቸግረው መድኃኒት በመስጠት ፈንታ እንጥሉን አስቆረጡት፤ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ልብ ይበላልና ዕዳውን ልቡ ከፈለ። በዚያ ላይ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ አኦርታው፣ ከተፈጥሮው ሰፋ ያለ ነው። ሃምሳ ሦስት ዓመት ሲሞላው በሩ ደርቆ ማለክለክ ጀመረ። በሽተኛ የሚፈልገውን በር ከመዝገብ ቤቱ ዝርዝር ራሱ ይመርጣል። ያፌትም ሽሮ እያማሰለ ዝርዝሩን አነበበ።

«የኤፍራታን ነው የምወስደው» አለኝ።

«የኔስ?»

«ያንቺ ነጥብ ዘጠና አራት፣ የሷ ዘጠና ስምንት። አንቺ እኔን ብትሆኚ የቱን ትመርጫለሽ?»

«የኔን ነዋ! የኔን ውሰድ።»

«ውሸትሽን ነው» ብሎ ሳቀ። አብሬው ሳቅኩ። እንዴት እንደቻልኩበት እግዜር ይወቀው።

ቀዶ ጥገናው ሠመረ። ያፌትን ያስጨነቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቄሱን «የበግ ነገር ደረቴ ውስጥ ይዤ ሁዳዴን እንዴት ልጾም ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። «እስካላኘክኸው ድረስ ምን አለበት» አሉት። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ጠዋቶቹ ጀመሩ።

በየቀኑ ልክ አንድ ሰዓት ላይ የኤፍራታን በር የተሸከመ ሁሉ አልጋው ላይ በጀርባው ይጋደማል። አልጋው ሁለት ደቂቃ ያዳምጠዋል። የሰማውንም በሩን ለሠራችው ያደርሳል። በሁለቱ ደቂቃ ከተማው ጸጥ ይላል፤ ታክሲዎች ጥግ ይይዛሉ፣ እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውሃ የሚከፍት የለም። ከዚያ የኤፍራታ ድምፅ ይመጣል። በግድግዳው ማዶ አቶ በረከትን «እንደምን አደሩ? ልብዎ ደኅና አድሯል» ስትላቸው እሰማለሁ። ከላይ ፎቅ ያሉትን አሮጊት «እናት» ትላቸዋለች። እኛ መኝታ ቤት ግን ሌላ ነው።

«እንደምን አደርክ ያፌት? ልብህ ደኅና አድሯል።»

አደርክ! እሷው ራሷ ለስልሳ ሺህ ሰው አትናገርም፤ ማሽኑ ነው በድምጿ የሚናገረው። አውቃለሁ። ፎርሙ ላይ «በአንተ ወይስ በእርስዎ?» የሚል አለ፤ «በአንተ» ብሎ የሞላው ያፌት ራሱ ነው። ይሄንንም አውቃለሁ። ማወቅ ቅናት የሚያበርድ ቢሆን ኖሮ እኔን የሚያህል ረጋ ያለ ሰው አይገኝም ነበር።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ኤፍራታ» ይላል እሱ። ስሟን ይጠራል።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ጠዋት ደግሞ ለአንድ ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ ጢሙን ሲላጭ አገኘሁት።

«ለማን ነው?»

«ለራሴ።»

«አልጋው ዓይን የለውም እኮ ያፌት፤ ጆሮ ብቻ ነው ያለው።»

«ኧረ አዶኒ፣ በማርያም፣ በጠዋቱ አትጀምሪኝ።»

እርር ድብን አልኩ። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰውዬ ልቡን ሌላ ሴት በየጠዋቱ ትሰማዋለች፤ እኔ ሚስቱ፣ ያውም የልብ ሐኪም፣ አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። የዚያን ቀን አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያስር ፊቱ ተንበረከክሁና ሸሚዙን ገለጥሁት።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ዝም በል። እሷ የምትሰማውን እኔም ልስማው።»

ጆሮዬን ከደረቱ መሃል ወደ ግራ ለጠፍኩ። ድው፣ ድው። እንደሚባለው ጥሩ ልብ ነው። ከሁለተኛው ድው በኋላ ግን የሆነ ነገር አለ። ሽሽሽ። በደንብ ያልተዘጋ ቧንቧ ከሌላ ክፍል ሲሰማ ያለው ዓይነት።

«ትንፋሽህን አውጣና ያዘው።»

ሽሽሽ። ጎልቶ መጣ።

«ጋደም በል እስቲ።»

ተጋደመ። ድምፁ ጠፋ። ድው ድው ብቻ፣ ጤነኛ፣ አልጋው በየጠዋቱ እንደሚሰማው።

የድሮ ሐኪም ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። የአኦርታ በር ሲያፈስ በደንብ የሚሰማው በሽተኛው ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ትንፋሹን ሲያወጣ ነው። እኛ ግን ማዳመጡን ለአልጋ ሰጠን፤ አልጋ ደግሞ የሚያውቀው የተኛ ሰው ነው። በስልሳ ሺህ ቤት በየጠዋቱ የተኛ ልብ ሲሰማ ኖረ፤ ጎንበስ በል ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

ወዲያው ብጮህ ደግ ነበር። አልጮህኩም። ራሴን አላመንኩትም። ሁለቴ ሆዴ ሲሰማ ጆሮዬ ነው ብዬ ምያለሁ፤ ሦስተኛውስ? ዘጠኝ ቀን ዝም አልኩ። በየጠዋቱ የጫማውን ማሰሪያ እኔ እያሰርኩለት፣ ጆሮዬን ወደ ደረቱ ጠጋ እያደረግሁ አዳመጥኩ። ያፌት ለጓደኞቹ «ሚስቴ በስተርጅና ጫማ ታስርልኝ ጀመር» ብሎ አወራ አሉ። በዘጠነኛው ቀን ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ ደረጃው ላይ ቆመና በመስኮቱ ውጭውን ያየ መሰለ። ውጭ የሚታይ ነገር የለም፤ የሌላ ሕንፃ ግድግዳ ነው።

«ያፌት፣ በርህ ያፈሳል» አልኩት እዚያው ደረጃው ላይ።

«የሷ ስለሆነ ነው?»

«ኧረ ስለሚያፈስ ነው!»

«አዶኒ፣ እንዋደዳለን፤ እንተዋወቃለን። ይሄ ቅናት ነው።»

«አንተም ሦስት ነው የምትመዝነኝ?»

መልስ ለመስጠት ትንፋሽ አጠረው። ይሄኔ ሁለታችንም ፈራን።

መዝገብ ቤት ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ትሕትናዋ ለጉድ ነው።

«ሪፖርትዎ ደርሶናል ዶክተር። በሦስት ከመቶ ተመዝኗል።»

«ልጄ፣ ሰውዬው የሚያፈሰው በሦስት ከመቶ አይደለም። በሩ ከተቀደደ፣ በዚያ በሰፋ አኦርታ ላይ፣ አንድ ሳምንት አይሰጠንም።»

«ይገባኛል ዶክተር። ምርመራ ለመፍቀድ አርባ ያስፈልጋል። ታማሚው ራሱ ቢያመለክት ሠላሳ አምስት ይያዝለታል።»

ያፌት ስልኩን ተቀብሎ «ደረጃ ላይ እደክማለሁ» አላት። ሠላሳ ስምንት ሆንን። ሁለት ጎደለን።

«ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ናሆም ይስማው፤ እሱ ገለልተኛ ነው» አልኩ።

«ከእርስዎ ሰምቶ የሚመጣ ከሆነ የእርስዎን ሚዛን ነው የሚይዘው። ተጋብቶበታል ማለት ነው። አይጨነቁ ዶክተር፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ?»

«ቫልቭ ግን እያደር ይቀደዳል!»

ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሰው በራሱ ሥራ ላይ ሲመሰክር ሚዛኑ መቶ ነው። የበሩ ባለቤት ትስማው።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ተነስቼ ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ፣ በጎቿ ጋ ወዳለው ቤተ ሙከራዋ ሄድኩ። ኤፍራታ በረቱ ደጃፍ ላይ ተቀበለችኝ። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፤ ያም አምሮባታል። የኔ ነጭ ሲሆን አሮጊት ሆንኩ፣ የሷ ነጭ ሲሆን እመቤት ሆነች። በሶ በጠበጠችልኝ። ዶርም ውስጥ እንደምትበጠብጥልኝ አድርጋ፣ ማሯን አብዝታ። ያንን ማስታወሷም አናደደኝ።

«ምን እግር ጣለሽ አዶኒ? ስምንት ዓመት ሆነሽ።»

«ያፌት በሩ ያፈሳል።»

ኩባያዋን አስቀመጠች። «ዛሬ ጠዋት ሰምቼዋለሁ። ንጹሕ ነው።»

«ተኝቶ ነው የሰማሽው።»

«ሁለት ጊዜ ከስሰሽኛል። ሁለት ጊዜ ሠራተኞቼ ወር ሙሉ እንቅልፍ አጥተዋል።»

«ሁለቱንም ዋሽቻለሁ። አሁን ግን እየለመንኩሽ ነው፤ ጎንበስ አድርገሽው ስሚው። በማሽን አይደለም። በጆሮሽ።»

«በጆሮዬ?»

«ደረቱ ላይ።»

ይሄን ስናገር አንገቴ ሥር ያለችው ምስር ምን እንደመዘገበች አላውቅም፤ የሚነበብ ነገር አልነበረ ይሆናል። ኤፍራታ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። የምታጣውን ታውቃለች። አፈሰሰ ብላ ከመሰከረች ስልሳ ሺህ ሰው ይጠራል፣ አሥራ አንድ ዓመት የሠራችው ስም ይመረመራል። እምቢ ብትል ማንም አይጠይቃትም፤ የሰማው እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ሦስት ነኝ።

«ጃኬቴን ላምጣ» አለች።

ያፌት በሩን ከፍቶ ሲያያት ቀላ። ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው! ሸሚዙን አወለቀ፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። ኤፍራታ ተንበረከከች። ያንን ነጭ ፀጉሯን ወደ ጆሮዋ ኋላ አድርጋ ጉንጯን ባሌ ደረት ላይ አሳረፈችው። እኔ ቁም ሳጥኑን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ትንፋሹን ያዘ። ዓይኑን ጨፈነ። ለምን ዓይንህን ትጨፍናለህ? ልለው አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት። እሷ እዚያ በቆየች ቁጥር እሱ የሚድንበት ዕድል ይጨምራል፤ እኔ ደግሞ በጨመረ ቁጥር እሞታለሁ።

«እንደገና ተንፍስ» አለችው። ተነፈሰ። «ያዘው።»

ቀና ስትል ፊቷ አመድ መስሏል። አልዋሽም፣ ሆዴ ቅቤ ጠጣ። አሥራ አንድ ዓመት ያንን ፊት ልይ ስል ኖሬያለሁ። ደስታው ያፌትን እስካየው ድረስ ብቻ ነው የቆየው።

«ያፈሳል» አለች። «ከኋላ በኩል ያለው የበሩ ቅጠል ነው። አዶኒ፣ ልክ ነሽ።»

የጣት ፊርማ የሚቀበለውን ሰሌዳዋን አውጥታ እዚያው ፈረመች። መቶ ከመቶ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ አምቡላንስ ደጃችን ቆመ።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ ስልሳ ሺህ ሰው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጎንበስ አለ። አቶ በረከት ሲያቃስቱ በግድግዳው ተሰማኝ። የሁለት መቶ አሥራ ዘጠኝ ሰው በር አፍስሶ ተገኘ፤ ሁሉም ተጠሩ። ሬዲዮኑ ዶክተር ኤፍራታ በራሷ ላይ በመመስከሯ ቀኑን ሙሉ አወደሳት። አዲሱን ማዳመጥም «የኤፍራታ ጎንበስ» ብለው ሰየሙት። የኤፍራታ! የጫማ ማሰሪያ ዘጠኝ ቀን ያሰርኩት እኔ፣ ጉልበቴ የተላጠው እኔ፤ ስሙ ግን የሷ! ሬዲዮኑን ነቅዬ አልጋ ሥር ወረወርኩት። አንዲት ሴት ሥራዋን አጥታ እንኳ እንዴት ታሸንፈኛለች?

ሆስፒታል ስደርስ ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ናሆም ያፌት አጠገብ ቆሟል።

«የሚቀየረውን በር መምረጥ አለበት» አለኝ። «አሁን በዝርዝሩ አንደኛ ያንቺ ነው፤ ዘጠና አራት። ቀጥሎ የአንድ የጎንደር ልጅ ሥራ አለ፤ ዘጠና ሁለት።»

ያፌት ኦክስጅኑን ከአፍንጫው ገለል አድርጎ ፈገግ አለ። «ምን ይመረጣል? የሚስቴን ነዋ። ስትመኘው የኖረችውን ዛሬ ልስጣት።»

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? እንደ ልጅ መዝለል አማረኝ። የኔ በር፣ በያፌት ደረት። በየጠዋቱ የኔ ድምፅ። ናሆም ወረቀቱን ሊያዘጋጅ ዞር አለ፤ ወደ ቀዶ ክፍል ለመግባት ግማሽ ሰዓት ቀርቷል። ያንን ግማሽ ሰዓት ዝም ብል አንድም ሰው አያውቅብኝም ነበር። የያፌትን እጅ ያዝኩ። ጣቶቹ ቀዝቅዘዋል።

«የኔን አታድርግ» አልኩት።

«ምን?»

«ለሰፋ አኦርታ አይሆንም። የበሩ ቀለበት እያደር ይላላል። ሰባት በጎች ላይ አይቼዋለሁ።»

ናሆም ዞረ። «እንዲህ የሚል ጥናት አላነበብኩም።»

«አላሳተምኩትም። አራት ዓመቱ ነው። ከእሷ ጋር ያለኝ ልዩነት አራት ነጥብ ብቻ ነበር፤ ባሳትመው አሥር ይሆን ነበር።»

ያፌት አየኝ። የሃያ ስድስት ዓመት ባሌ እንዲህ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም።

«ያኔ በመጀመሪያው፣ ሽሮ እያማሰልኩ፣ የኔን ውሰድ ስትይኝ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ብወስደው ኖሮስ?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። እጁን ከእጄ አላወጣም፤ አልጨበጠኝምም። ወደ ናሆም ዞረና «የጎንደሩን ልጅ አድርጉልኝ» አለ።

ናሆም ሰሌዳውን ወደ እኔ ገፋው። በራስ ሥራ ላይ የሚሰጥ ምስክርነት፤ ሚዛን መቶ ከመቶ። ከፈረምኩ የኔን በር የያዙት አራት መቶ ሦስት ሰዎች ነገ ጠዋት ይጠራሉ፣ ለምን እንደተጠሩም ይነገራቸዋል። ጣቴን ሰሌዳው ላይ አሳረፍኩ፤ ተንቀጠቀጠና ሰሌዳው አልቀበልም አለ። ሁለተኛ ሞከርኩ፤ አልቀበልም አለ። በሦስተኛው በግራ እጄ የቀኙን አንጓ ጭምቅ አድርጌ ይዤ ፈረምኩ።

ያፌትን ወደ ውስጥ ሲገፉት ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ቀረሁና ኤፍራታ እቤቴ ስትፈርም እጇ ተንቀጥቅጦ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ። አላየሁም። ያን ጊዜ ያፌት ሸሚዙን ለማን ብሎ እንደዚያ ቀስ እያለ እንደሚቆልፍ እያየሁ ነበር።